የሪሞት ሽማግሌዎች

ድሮ ሰው ቤት ስንሄድ በር ላይ ቆመን «ቤቶች!» እያልን እንጣራ ነበር። ከውስጥ «ማነው?» ይባላል። «እኔ ነኝ» እንላለን። እስቲ አስቡት፣ ማን እንደሆንን እኮ አልተናገርንም! በሩ ግን ይከፈታል። ለደብረ ታቦር ሰው «እኔ» በቂ መታወቂያ ነበር። አሁን አንዳንዱ የግቢ በር ሞተር አብቅሏል። ባለቤቱ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ የክብሪት ቀፎ የምታክል ነገር ይጫናል፤ በሩም ማን ነህ ከየት ነህ ሳይል እያጓራ ይከፈታል። በሰው አገር እንዲህ ያለውን ሞተር የሚገጥሙት ጋራዥ ላይ ነው አሉ። እኛ ዘንድ ጋራዥ የታመመ መኪና የሚተኛበት ስለሆነ የግቢ በር ላይ ሰቀልነው። እኔ በበኩሌ መምህር ነኝ፤ መኪናም ሪሞትም የለኝም፤ ይህን የምታወራው ከቅናት ነው ብትሉኝ አልጣላችሁም።

በእኛ ሰፈር ይህን ዓይነት በር ያስገቡት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ታላቅየው ጋሽ አለሙ በመንግሥት ሥራ አርጅተው ጡረታ የወጡ፣ ታናሽየው ጋሽ ይርጋ ደግሞ ከእብናት እህል እያመጡ የሚነግዱ። ግቢያቸው በኮብልስቶኑ መንገድ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ይተያያል። በሮቹን ያስገጠሙት በአንድ ቀን፣ በአንድ ባለሙያ ነው። ሪሞቶቹ ባለ ሁለት ቁልፍ ስለነበሩ የቀኙ የራስን፣ የግራው የወንድምን በር እንዲያዝ አደረጉት፤ አንዱ ባይኖር ሌላው እንዲከፍትለት። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ነበር ነገሩ።

ይህን ፍቅር ያፈረሰው በሬ ነው። ለፋሲካ በቅርጫ ሲካፈሉ ሻኛው ያለበት መደብ ለጋሽ ይርጋ ደረሰ። ጋሽ አለሙም ጎረቤት በተሰበሰበበት «ዕጣውን አይተህ ነው ያነሳኸው» አሉ። ጋሽ ይርጋ ሥጋቸውን እዚያው ትተው ወጡ። ሌላ ፋሲካ መጣና ሄደ፤ ወንድማማቾቹ አልተነጋገሩም፤ የሚተያዩት በሮቻቸው ብቻ ሆኑ። ጋሽ አለሙ የወንድማቸውን ስም አያነሱም፤ ስለ በራቸው ግን አውርተው አይጠግቡም። «የእኔ በር ዘመናዊ ነው። ክፍቱን ትቼው ብገባ እንኳ ሲመሽ ራሱ ይዘጋል» ይሉናል። የጉና ብርድ በሚወርድበት ሰዓት በር ልዝጋ ብሎ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለምታውቁት፣ መቅናቴ አይገርማችሁም።

ዘንድሮ ጥምቀት መጣ። ጋሽ አለሙ ነጭ ለብሰው፣ ሪሞታቸውን ኮት ኪሳቸው ከተው ወረዱ። ጠበሉን የሚረጩት መምሬ ፈንቴ፣ የሁለቱም ወንድማማቾች የነፍስ አባት፣ እጃቸው ቸር ነው። ጋሽ አለሙ ከራስ እስከ እግራቸው ራሱ፤ ሪሞቱም አብሮ ተጠመቀ። ቤት ደርሰው ቢጫኑት፣ ጭጭ። ለምን እንደሞተ ሁላችንም ገብቶናል፤ ግን ማን ደፍሮ «ጠበል ገደለው» ይላል? «ባትሪው ይሆናል» አልን። ባትሪው ተቀየረ። «እንግዲህ ዕድሜው ነው» አልን።

ለሰው መግቢያ የምትሆን ትንሽ መዝጊያ በትልቁ በር ላይ አለች። ችግሩ፣ የፊታችን እሁድ የጋሽ አለሙ ልጅ ህሊና ትዳራለች። የዳሱ ብረት፣ ወንበሩና ሸራው በጭነት መኪና መጥቶ ደጅ ቆሟል። ለሠርጉ የተገዛው ሰንጋም አለ። በትንሿ መዝጊያ ሊያስገቡት ቢታገሉ ቀንዱን አሾልኮ ሆዱን እምቢ አለ። ጋሽ አለሙ ራሳቸውን ይዘው «በሬ በሬ አላስገባ አለኝ!» አሉ። ሲጻፍ አንድ ነው፤ አንዱ ሞተር አለው፣ ሌላው ቀንድ። የቅኔ አገር ሰው ሲጨንቀውም እንዲህ ነው።

ሙሉቀን የሚባለው የሞተር ባለሙያ ተጠራ። አዲስ ሪሞት ከበሩ ጋር የምታስተዋውቅ ቁልፍ ሞተሩ ሳጥን ውስጥ አለች፤ ሽቦዋን አይጥ ቆርጥሟታል። ሞተሩን አላቅቆ በእጅ የሚያስከፍተው መፍቻ ደግሞ «ደህና ቦታ» ተቀምጧል፤ ደህና ቦታ የተቀመጠ ዕቃ ተገኝቶ አያውቅም። አዲስ ሳጥን ከባሕር ዳር መጥቶ እስኪገጠም ሠርጉ ያልፋል።

«አንድ መላ አለ» አለ ሙሉቀን፣ ባዶ ሪሞት ከኪሱ አውጥቶ። «ይህን በር የሚያዝ በሕይወት ያለ ሌላ ሪሞት ከተገኘ፣ ከዚህ ጋር ግንባር ለግንባር አጋጥሜ ቁጥሩን እቀዳዋለሁ።»

ሁላችንም ሳንነጋገር ወደ መንገዱ ማዶ ተመለከትን። ያለው የጋሽ ይርጋ ሪሞት ነው። የግራው ቁልፍ።

«እሱን ልለምን?» አሉ ጋሽ አለሙ። «በሩ ይሰበር!»

ህሊና ከቤት ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። «አባባ፣ በሩ ቢሰበርም ባይሰበርም አጎቴ ካልመረቀኝ ምኑን ተዳርኩት?» አለች። ጋሽ አለሙ በሩን ሊሰብር መዶሻ ያነሳውን ጎረቤት «ቆይ እስቲ» አሉት።

መምሬ ፈንቴ ተጠሩ። «ያጠመቅሁት እኔ፣ የምሸመግለውም እኔ» ብለው መቋሚያቸውን አነሱ። ሦስት እንድንሆን እኔንና ሙሉቀንን ጨመሩ፤ ሙሉቀን ባዶ ሪሞቱን ይዞ ተከተለን። ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ አይቻለሁ፤ ለደም ሲላክም ሰምቻለሁ። ሪሞት ለመዋስ ሲላክ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ጋሽ ይርጋ «አረፍ በሉ» ቢሉን፣ በወጉ መሠረት «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አልን። መምሬ ከአዳም ጀመሩ። አብርሃምና ሎጥ ዘንድ ሲደርሱ ጋሽ ይርጋ አቋረጧቸው።

«አባቴ፣ ለእርቅ ከሆነ ይቅርብኝ። በሰው ፊት ሌባ ያደረገኝ እሱ ነው፤ እሱ ይምጣ።»

«ለእርቅ አይደለም» አሉ መምሬ። «ለሪሞት ነው።»

ሙሉቀንም እንደ ምስክር ባዶውን ሪሞት አወጣ። ጋሽ ይርጋ ሊቆጡ ፈልገው ነበር፣ ሳቅ ቀደማቸው። ገብተው ሪሞታቸውን አመጡ። መምሬ ተቀብለው መነጽራቸውን እያስተካከሉ ሲያገላብጡት ቆዩና «ይርጋ፣ ይቺ የግራዋ ምነው እንዲህ ተላጠች?» አሉ። እውነትም የቀኟ ምልክት እንዳለ ነው፤ የግራዋ ግን ቀለሟ ጠፍቶ እንደ አሮጌ ሳንቲም ለስልሳለች።

ጋሽ ይርጋ መሬት መሬት አዩ። «ጋሼ ክፍቱን ትቶት ይገባላ!» አሉ። እስካሁን «እሱ» ያሉት ሰው «ጋሼ» ሆነ። «ከልጅነቱም በር መዝጋት አያውቅ፤ እናታችን ስትጮህበት ነው የኖረችው። ጅቡ አለ፣ ሌባው አለ። ሲመሽ በመስኮት አይና እዘጋለታለሁ። በሉ ታዲያ፣ በሥላሴ፣ እንዳትነግሩት!»

መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ሲባል አውቃለሁ» አሉ። «ቂም ይዞ በር መዝጋት ግን ምን እንደሚባል በየትም መጽሐፍ አላየሁም።»

ሙሉቀን ሁለቱን ሪሞቶች ግንባር ለግንባር አጋጠማቸው፤ አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለች። ተመልሰን ስንጫነው የጋሽ አለሙ በር እያጓራ ተከፈተ። መኪናው ገባ፤ በሬውም በበሩ ገባ። ሣሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ፣ ምስኪን።

ሙሉቀን ዕቃውን እየሰበሰበ «ሠርጉ ሲያልፍ አዲስ ሳጥን አምጥቼ ቁጥሩን እቀይርልዎታለሁ። ከዚያ በኋላ የማንም ሰው ሪሞት አይከፍተውም» አላቸው።

«እንዳታደርገው!» አሉ ጋሽ አለሙ። «ሲመሽ ማን ይዘጋልኛል?»

እኔና መምሬ ተያየን።

«ምን ታየኛለህ መምህር?» አሉኝ። «ብረት መምሸቱን የሚያውቅ መሰለህ? ክፍቱን የምተወው እኮ ይዘጋው እንደሆነ ልይ ብዬ ነው። አንድም ቀን ትቶኝ አያውቅ።» ድምፃቸው ተሰበረ፤ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ከዚያ አዲሱን ሪሞት ለህሊና ሰጥተው መንገዱን ተሻገሩና ከወንድማቸው በር ላይ ቆሙ።

«ቤቶች!»

«ማነው?» አለ የጋሽ ይርጋ ድምፅ።

«እኔ ነኝ።»

በሩ እያጓራ ተከፈተ። እኔ አለቀስኩ፤ ሙሉቀን የብረት ብናኝ ዓይኔ ገባ አለ፤ መምሬ አማተቡ።

እሁድ ህሊና ተዳረች፤ አጎቷ መረቋት፤ ሻኛውም ያለ ዕጣ ለጋሽ ይርጋ ቀረበላቸው። ሁሉም ሰላም ሆነ እንዳልል አንድ ነገር ቀረ። ወንድማማቾቹ ከታረቁ ወዲህ ማታ ማታ አንዱ ቤት ተቀምጠው ወግ ይይዛሉ፤ ሁለቱም በሮች ክፍት ያመሻሉ፤ በመስኮት የሚያይ የለም። እናም በዚያ ብርድ ጋቢዬን ደርቤ የምወጣው እኔ ሆኛለሁ።

«ቤቶች! በራችሁ ክፍት ነው!»

«ማነው?»

«እኔ ነኝ!»

«ግባ!» ይሉኛል። እኔም እገባለሁ፤ በሩን ማን እንደሚዘጋው ግን እስካሁን አልተወሰነም።