ጎመኔና ቀዩ አውራ ዶሮ

«ጎመን በጤና» ያለው ሰው ዶሮ እንዳልነበረው እርግጠኛ ነኝ። ቢኖረውማ ወይ ጎመኑን ወይ ጤናውን ባጣ ነበር! ዶሮና ጎመን በአንድ ጓሮ አኑሮ በሰላም የሚያድር ሰው ካለ ይምጣና እጁን ልሳም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው። ሁዳዴ እየደረሰ፣ ገበያውም እሳት ሆኖ ስለነበር ጓሮዬን ቆፍሬ ጎመን ተከልኩ። ከቧንቧ ውኃ ይልቅ የውኃ ወሬ በሚበዛባት ከተማ፣ ፊቴን የታጠብኩበትን እንኳ ሳልደፋ ለጎመኑ አጠጣሁ። ያ መደብ ከጠፋ ባለቤቴና ልጆቼ ጾሙን በደረቅ እንጀራ ሊገፉት ነዋ!

ጾሙ በገባ ሰሞን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ቀዩ አውራ ዶሮዬ ሚስቶቹን አስከትሎ መደቡ ላይ ተሰይሟል። ከጎመኔ የቀረው አገዳው ብቻ ነው። ቢላዋ ይዤ ብነሣ ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ጾም መሆኑን ረሳኸው ወይ አለችኝ። ለካ ዶሮዎቼ እስከ ፋሲካ ድረስ እንደ ዲፕሎማት የማይነኩ ኖረዋል! አውራው ቀና ብሎ አየኝና ጮኸ። ያውቃል ማለት ነው።

በንዴት የጎረቤቴን የአዴ ዘይነባን በር አንኳኳሁ። አዴ ዘይነባ ከከተማው ወጣ ያለችው የሶፊ ገበሬ ልጅ፣ እኔን እንደ ልጃቸው የሚቆጡ አሮጊት ናቸው። ዶሮዎቹን ከነነፍሳቸው ይውሰዱልኝ ብላቸው መጥተው መደቡን ጎንበስ ብለው አዩና «አንተ ልጄ፣ አጥር ሳታጥር ዶሮ ትከሳለህ እንዴ? አገዳውን እንዳትነቅለው። ሥሩ ደህና ነው፣ ኢንሻአላህ ያቆጠቁጣል» ብለው ሳቁብኝ። በማግስቱ ቅጠሉ ተቅሞ የተረፈውን የጫት እንጨት ከየቤቱ ሰብስበው አመጡ። አብረን አጠርን። የዶሮዎቹንም ኩስ ከአመድ ጋር ቀላቅለው መደቡ ላይ በተኑልኝ።

በዚያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመው ነበር። ሰፈሩ በሁለት ሃይማኖት ሲጾም፣ ቀን ጠግበው የሚውሉት ዶሮዎቼ ብቻ ነበሩ። ጎመኑ እስኪያቆጠቁጥ አዴ ዘይነባ ከራሳቸው ጓሮ ቀንጥሰው፣ በዘይት ሠርተው፣ «ወላሂ፣ ቅቤ ባልነካው ድስት ነው» እያሉ ያመጡልን ነበር። እኛም የማንበላውን እንቁላል ለማፍጠሪያቸው እንሰጣለን። ራሳቸው ምራቃቸውን እየዋጡ ለእኔ ልጆች የጾም ወጥ የሚያበስሉትን ሴት በምን ቃል ላመስግናቸው?

ጎመኑ አቆጠቆጠ። በኩሱ ጉልበት ቅጠሉ ከፊተኛው ሰፋ፣ ልጆቼም ጠግበው ጾሙ። ለፋሲካ ዋዜማ ቢላዋዬን ስዬ ቀዩን ያዝኩት። ግን ጎመኑን የበላው እሱ፣ መልሶ ያፋፋውም የእሱ ኩስ! እጄ እምቢ አለኝና ለቀቅኩት። ታዲያ ፋሲካ ያለ ዶሮ ይዋላል? ጊደር መጋላ ገበያ ሄጄ ከድሬ ጠያራ ገጠር የመጣ፣ የማንንም ጎመን ያልነካ ገብስማ አውራ ገዛሁና እሱን አረድኩት።

አዴ ዘይነባ ይህን ሲሰሙ ግራ ቀኙን አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ባለቤቴን ጠየቋት አሉ፦ «አጥፊውን ምሮ ያላጠፋውን አረደ? ባልሽ የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ገባ እንዴ?»