የዶክተር ሐምዱ ኬራቲን

ሁለት ሀበሻ በሰፈረበት አገር ሁሉ አንደኛው ሳይማር ሐኪም ይሆናል። ሌላኛው ይታመማል፤ ምን ያድርግ። ደቡብ ሱዳን ነጻ በወጣች ሰሞን ጁባ፣ ጉዴሌ በሚባለው ሰፈር ይህ ሹመት የደረሳቸው የሻምፑና የጸጉር ቅባት አከፋፋዩ ክቡር ዶክተር ሐምዱ ናቸው። ማዕረጉን ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም፤ እሳቸውም እምቢ አላሉም።

ክቡርነታቸው ሳይጠየቁ ያክማሉ። ለወባ ሎሚ፣ ለወገብ ሎሚ፣ ለባልና ሚስት ጠብም ሎሚ አዝዘው ያውቃሉ። በሽተኛው ካልዳነ "ሎሚው የኡጋንዳ ነው፤ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም" ብለው በሌላ ሎሚ ይተኩታል።

ጎረቤታቸው ማናህሎሽ ጸጉር ቤት አላት። ክርኗና የእጇ ጀርባ ላይ ብርማ ቅርፊት ሲወጣባት ደንበኞቿ አንድ በአንድ ሸሹ። ዶክተር ሐምዱ ከመንገድ ማዶ አዩትና "ጭርት ነው" ብለው ሎሚ ላኩ። ቀባችው። ግድግዳ ልትቧጥጥ ምንም አልቀራት።

በመጨረሻ እውነተኛ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሶሪያሲስ ነው አላት፤ የቆዳዋ ሕዋሳት ተቻኩለው ይወለዳሉ፣ ቆዳን የሚያጠነክረውን ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ተሸክመው ሳይበስሉ ላይ በላይ ይከመራሉ፤ ወደ ሌላ ሰው ግን አይጋባም። ይህን ለቀሩት ጥቂት ደንበኞቿ ብታወራ ማን ይመናት። ነባሯ ደንበኛዋ ሰናይት ሳትቀር ሐኪም ለማጽናናት እንደሚዋሽ ነግራት ሻሿን አስራ ወደ በሩ አመራች። ወንበሩ ባዶ ከሰነበተ ቤቱ መዘጋቱ ነው።

ዶክተር ሐምዱ ከወሬው መሃል አንዲት ቃል ብቻ ቀለቡ፦ ኬራቲን። እሳቸው በካርቶን የሚያከፋፍሉት የጸጉር ማለስለሻ! ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ መጥተው በሩ ላይ ቆመው መውጫውን ዘጉ።

"ስሙኝ እህቶቼ፤ እናንተ በጠርሙስ የምትገዙትን ይቺ ልጅ ከገዛ ቆዳዋ ታወጣለች። ተርፏት ነው። ወላሂ አይጋባም፤ ቢጋባማ እኔ መላጣው ወረፋ አልይዝም ነበር?"

የሐኪሙን ያላመኑ የሐምዱን አመኑ። ሰናይት ሻሿን ፈትታ ተቀመጠች። ማናህሎሽ ጓንት ስታጠልቅ ግን ሰናይት ተቆጣች፦

"አውልቂው እንጂ፤ ኬራቲኑ ይንካኝ።"

በሽታው ራሱ ይኸው የኬራቲኑ መትረፍ እንደሆነ፣ ለጸጉርም እንደማይጠቅም ለመናገር ማናህሎሽ አፏን ከፈተች። ወንበሩ ላይ ሰው ነበረ። አፏን ዘጋች፤ ጓንቷን ግን አላወለቀችም።

ሴቶቹ ተሠርተው ሲወጡ ዶክተር ሐምዱ በሩ ላይ ቀሩ። ማናህሎሽ ሌላ መድኃኒት ሊያዙ ነው ብላ እጇን ከጀርባዋ ሸሸገች። እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ማናህሎሽ፣ ለመሆኑ ያምሻል እንዴ?" አሏት።

ጉዴሌ ውስጥ ያላከሙት የለም፤ እንዲህ ብለው የጠየቁት ግን አልነበረም። ቆመው መልሱን ጠበቁ።