ለአባባ ያወራሁት የዓሣ ወሬ

ሰው ስለ ዓሣ እያወራ ቤተሰብ ያስተዳድራል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔ አስተዳድራለሁ። ሥራዬ ስለ ወንዝና ስለ ወንዝ አውሬዎች የተሠሩ የውጭ ፊልሞችን ለቴሌቪዥን ተርጉሞ በአማርኛ ማንበብ ነው። ወሎ ሰፈር፣ ከአንድ ጋራዥ በላይ፣ ጠባብ ስቱዲዮ አለችን። አዞው ድምፁን አጥፍቶ ወደ ሚዳቋዋ ሲጠጋ፣ እኔም በሹክሹክታ ሳነብ፣ ከታች የመኪና በር በመዶሻ ይቀጠቀጣል። እንደገና ከመጀመሪያው።

ትልቁ ጣጣ ግን የስም ነገር ነው። ፈረንጅ ለያንዳንዱ ዓሣ ስም አውጥቷል። እኔ ያለኝ አምባዛና ቆሮሶ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ «ይህኛው ዓሣ» ነው። ይህኛው ዓሣ ያንኛውን ዓሣ መብላት ሲጀምር እንዴት እንደምሆን አስቡት። እንዲያም ሆኖ ሰው ይሰማኛል። አንድ ቀን ሾላ ገበያ ሽንኩርት ስጠይቅ፣ ሻጯ ድምፄን ሰምታ ቀና አለችና «አዞው አንተ ነህ?» አለችኝ። ነኝ አልኳት።

ከሁሉ አብልጠው የሚሰሙኝ ግን አባቴ ነበሩ። አባባ የሚኖሩት ሳሊተ ምሕረት፣ እህቴ ሂሩት ቤት ነበር። ዓይናቸው ከደከመ ስለቆየ ፊልሙን አያዩም፤ ያዳምጣሉ። ፊት ለፊት ስንገናኝ ደግሞ እኔና እሳቸው ብዙ የምናወራ ሰዎች አልነበርንም። ደህና ነህ? ደህና ነኝ። ልጆቹስ? ደህና ናቸው። አለቀ። ከዚያ እኔ ስልኬን፣ እሳቸው ከዘራቸውን እንነካካለን።

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ እሑድ ሄድኩ። ሂሩት ሥራ ስትውል ብቻቸውን መዋላቸው አሳስቦኝ፣ ቦሌ እኛ ቤት መጥተው እንዲኖሩ ልለምናቸው ነበር። ስገባ ፊልሜ እየታየ ነው። ሰላም ልል አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ።

«ዝም በል» አሉኝ። «እያወራህ ነው።»

ተቀመጥኩ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለሁት እኔ ስለ አንድ የወንዝ ዓሣ እተርካለሁ። አባትየው ልጆቹን አፉ ውስጥ ይዞ ነው የሚያሳድጋቸው፤ ጠላት እንዳይበላበት።

አባባ ሳቅ አሉ። «ለዚህ ነዋ የማያወራው። አፉ ሞልቶ ነው።»

እኔም ሳቅኩ። ያኔ ጠጋ ብዬ የመጣሁበትን መናገር ነበረብኝ። ግን ፊልሙ ይለቅ አልኩ። ሳያልቅ ከስቱዲዮ ተደወለ፤ የሚታረም ንባብ አለ፣ ቶሎ ና ተባልኩ።

«አባባ፣ የምነግርዎ ነገር ነበረኝ። ለሳምንት ልምጣ» አልኳቸው።

«ና። ግን ፊልሙ ካለቀ በኋላ ይሁን» አሉኝ።

ለሳምንቱ አልደረሱም። ሐሙስ ዕለት በእንቅልፋቸው አረፉ።

ለቅሶው ላይ ጎረቤታቸው ጋሽ መንገሻ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። «አንተስ አባትህን አልበደልክም» አሉኝ። «ስንቱ ልጅ ዞሮ በማያይበት ጊዜ፣ 'የኔ ልጅ ሳይሰለች ያጫውተኛል' ይሉኝ ነበር።» አንገቴን ደፋሁ። ምን ብዬ ላርማቸው?

ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት፣ ሂሩት ቴሌቪዥኑን ስትከፍተው እኔው ብቅ አልኩ። ልታጠፋው ስትል ተዪው አልኳት። እንዲህ ያለ ፊልም ሲነበብ በየመሃሉ ዝም ይባላል፤ የውኃው ድምፅ እንዲሰማ ነው። እኔም አንብቤ አንብቤ ዝም ያልኩበት ቦታ ደረሰ። ሂሩት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«እዚህ እዚህ ጋ አባባ ይመልሱልህ ነበር» አለችኝ።

«ምን ብለው?»

«'እሺ ልጄ፣ ቀጥል' ብለው።»

ሁለታችንም ቴሌቪዥኑን እናያለን። ወንዙ ትንሽ ፈሰሰ። ከዚያ እኔ ቀጠልኩ፤ ስለ ጉማሬ ጥርስ።