ሰንጢ የሚሰበስቡ ሰዎች

ሰንጢ የሚሰበስብ ጎረቤት ኖሯችሁ ያውቃል? እኔ አለኝ፤ ታደሰ ይባላል። እንደ እሱ ያሉ ሰዎች የሚወዱት የድሮውን ተጣጣፊ ሰንጢ ነው፤ እጀታው ጥቁር ቀንድ፣ ማጠፊያው ናስ፣ ሲዘጋ ቀጭ የሚል። የፕላስቲክ እጀታ ይጠላሉ፤ ብሎን ይጠላሉ። ከሁሉ አብልጠው የሚጠሉት ግን በሰንጢ አንድ ነገር መቁረጥ ነው። ታዲያ ለምን ተሠራ? እኔ ጠይቄ ግማሽ ቀን ሄዶብኛል፤ እናንተ ይቅርባችሁ።

ባለፈው እሑድ እዚሁ ቃሊቲ የታሰረ ወንድሙን ልንጠይቅ አብረን ሄድን። ስለት ይዞ መግባት ስለማይቻል፣ ጠያቂው ዕቃውን በር ላይ ላሉት ሱቆች አደራ ይሰጣል። ታደሰ ሰንጢውን ሊሰጥ ሲል ባለሱቁ ብርቱካን እየላጠ ነበር።

"በዚህኛው አትልጥበትም አይደል?"

"የኔ ቢላ ከደነዘ እንጃ" ብሎ ባለሱቁ ሳቀበት።

ታደሰ ሰንጢውን ኪሱ መለሰ።

"ለእኔ ስጠኝና ውጭ ልጠብቅህ" አልኩት።

"እትዬ፣ እርስዎማ ሳያስቡት ክር ይበጥሱበታል። ይልቅ እርስዎ ይግቡ።"

"ወንድምህን ካየኸው እኮ ወራት አለፈ። ሰዓቱም ሊያልቅ ነው።"

"እሱ ያውቀኛል" አለኝ።

ያመጣንለትን ምግብ ይዤ ብቻዬን ገባሁ። ወንድሙ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ከኋላዬ ሰው ሲፈልግ አየሁት። አንጀቴን በላኝና እውነቱን ነገርኩት።

"ባለቀንዱን ነው የያዘው?"

"አዎ።"

"ታዲያ እሱ ለባለሱቅ ይሰጣል እንዴ? ደግ አደረገ። ማጠፊያው አልላላም?"

ስለ ገዛ ልጆቹ የጠየቀኝ ከዚያ በኋላ ነው።