የወንድሜ አልበምና የዳማ ለቅሶ

እኔ የምለው፣ ቀስ ብሎ መዝፈን ከመቼ ወዲህ ነው ጥፋት የሆነው? እዚህ እንጅባራ ዘፈን ማለት ትከሻ የሚያስነሳ ነው። ትከሻ ካላስነሳ ወይ ባትሪው አልቋል፣ ወይ ዘፋኙ ታሟል። ይኼን ያወቅሁት በታናሽ ወንድሜ በደሳለኝ የተነሳ ነው።

ደሳለኝ አዲስ ቅዳም አስተማሪ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ጮክ ብሎ ተናግሮ አያውቅም፤ ተማሪዎቹ እንዴት እንደሚሰሙት እግዜር ይወቅ። ታዲያ ይኼ ልጅ ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ደርሶ፣ ጊታሩን ራሱ እየመታ፣ ዘጠኝ ዘፈን ያለበት አልበም አወጣ። የመጀመሪያው ነው። ምን ዓይነት ዘፈን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ "ለስላሳ ሮክ" አለኝ። ለስላሳውን እንኳ አውቀዋለሁ፤ ጸጉር ቤቴ ለሚመጣ እንግዳ የማዝዘው ነው። ሮኩን ግን አላውቀውም ነበር። ሰማሁት፣ ወደድኩት። እህቱ ስለሆንኩ ይሆናል፤ ቢሆንስ?

ችግሩ፣ አልበሙ የተሠራው በፈረስ ነው። ደሳለኝ ሲመረቅ አባባ ዳማ የሚባል ፈረስ ሰጥተውት ነበር። በእኛ አገር አባት ለልጁ ፈረስ ሲሰጥ ሰው ፊት አብሬህ እጋልባለሁ ማለቱ ነው። ልጁ ግን ዳማን ዳንግላ ገበያ ወስዶ ሸጠና ስቱዲዮ ገባ። አባባ የሰሙት ከሰው አፍ ነው። ምንም አላሉም። ክፋቱም ይኼው ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም አላሉትም። ሲደውል አያነሱለትም፣ ሲመጣ ወደ ማሳ ይሄዳሉ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው የአባባን ዝምታ አላየም። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ ዳማ ግን እሱ በሌለበት አባትና ልጅ አጣላ።

ስለዚህ ደሳለኝ አልበሙን ሲያወጣ አገር ይስማልኝ ብሎ አልነበረም። "አባባ ብቻ ይስሙት እታለም፤ ሌላው ይቅር" አለኝ።

እኔ ግን ስግብግብ ነኝ፤ አገርም ይስማ አልኩ። ዳንግላ ለሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር በፍላሽ ሰጠሁት። በማግስቱ መለሰልኝ። ለካ ተሳፋሪው በሙሉ ተኝቶበት፣ አዲስ ቅዳም መውረድ የነበረባት ሴትዮ ስትነቃ ዳንግላ ደርሳለች። "ወንድምሽ ይባረክ፤ ግን እኔንም እያንጎላጀኝ ነበር፣ የልጆች አባት ነኝ" አለኝ። እውነቱን ነው።

በእሁዱ ሚሞሪ የሚሰካባትን ትንሽ ስፒከር በቦርሳዬ ይዤ ዘንገና ወዳለው የአባባ ቤት ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ቁጭ ብለው የዳማን ኮርቻ ቅቤ ይቀባሉ። ፈረሱ የለም፤ ኮርቻው ግን በየሳምንቱ ይታሻል። ስፒከሯን ከፈትኩና አጠገባቸው አስቀመጥኳት። ማነው የሚዘፍነው ቢሉኝ፣ እንጃ አልኩ። ዋሸሁ፤ ለበጎ የተዋሸ ይቆጠራል እንዴ?

ሁለቱን ዘፈኖች ቀና ሳይሉ አሳለፏቸው። ሦስተኛው መጣ። "ዳማ፣ አንተስ ቤትህን አትረሳም፤ የረሳሁት እኔ ነኝ" ይላል። የአባባ እጅ ቆመ። ቀጥሎ እንባቸው ኮርቻው ላይ ጠብ አለ። አባቴ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ይኼኔ ጎረቤታችን እማማ የሺ ከአጥር ወዲያ ሰምተዋል። በእኛ ሰፈር የወንድ ድምፅ ቀስ እያለ፣ እየተንቀጠቀጠ ከተሰማ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። አጮልቀው ቢያዩ አባባ ያለቅሳሉ። አለቀ! ነጠላቸውን አዘቅዝቀው "ወይኔ፣ ወይኔ!" እያሉ ገቡ። እሳቸውን ሰምቶ ሌላው፣ ሌላውን ሰምቶ ሌላው፤ ግቢው ሞላ። ማን እንደሞተ የሚያውቅ የለም። ለቅሶ ገብቶ ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው፤ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ስሙ በኋላ ይደረስበታል። እኔ በድንጋጤ ስፒከሯን ላጠፋ ብል አባባ እጄን ያዙኝ። "ተዪው" አሉኝ።

በመጨረሻ እማማ የሺ አላስቻላቸውም። "አያ ታከለ፣ እግዜር ያጥናዎት። ማንን ነው ያጣነው?"

"ዳማን" አሉ አባባ።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። "ፈረሱን? ሞተ እንዴ?"

"አልሞተም፤ ተሸጠ። ያን ጊዜ አላለቀስኩለትም።"

"እሺ፣ ከዚህች ዕቃ ውስጥ የሚያለቅስለትስ ማነው?"

አባባ "ልጄ ነው" አሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ልጄ ሲሉት የመጀመሪያቸው ነበር፤ አሁን የእኔ ተራ ሆነና ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ለቅሶ ደርሶ ወዲያው መነሳት አይገባምና ጎረቤቱ ዘጠኙንም ዘፈን ቁጭ ብሎ አዳመጠ። አንድም ሰው አላንቀላፋም።

ከዚያ ኔትወርክ ወዳለበት ወደ በሩ ሄጄ ደሳለኝ ዘንድ ደወልኩና ስልኩን ለአባባ ሰጠሁ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። "ለፈረስ እንዲህ ካልክ፣ ለእኔማ ምን ልትል ነው?" አሉት። አባባ ቀጠሉ፤ "ቀብሬ ላይ እንዳትዘፍንልኝ። አሁን፣ በቁሜ አንዲት ዘፈን አውጣልኝ። እሷን ሳልሰማ አልሞትም።"

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ። አባባ በየእሁዱ ይደውሉለታል። ዘፈኔ አለቀች ወይ ይሉታል። እሱም ገና ናት፣ ትንሽ ይቀራታል ይላቸዋል። ከዚያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ድንቹ፣ ስለ ሚስት ነገር ሲያወሩ ካርዱ ያልቃል። አባባ ለሰው ሁሉ "ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሥራው ብቻ ዘገምተኛ ነው" እያሉ ያሙታል። ሰውም የጀመሩትን ቶሎ መጨረስ ነው እያለ ይመክረዋል።

እኔ ዘፈኗን ሰምቻታለሁ። ካለቀች ቆይታለች። ግን አባባ ሳልሰማት አልሞትም ብለው የለ? ታዲያ የትኛው ቂል ነው አለቀች የሚላቸው?