ሻጩ ይታወቅ

በፌስቡክ ውሻ ለሚሸጡ ሰዎች ሕግ ይውጣላቸው እያለ ከሁሉ በላይ የሚጮኸውን ሰው ታውቁታላችሁ? እኔ አውቀዋለሁ። በየማለዳው ጢሙን የምላጭለት እኔ ነኝ።

አምና እጄ ላይ ያደገችውን የግቢያችንን ውሻ፣ ስሜን ቀይሬ፣ «የጀርመን ዘር» ብዬ ፌስቡክ ላይ ሸጥኳት። በአውሮፕላን የመጣች እንድትመስልም ቁሓ ኤርፖርቱ በር ላይ በባጃጅ ሹፌር እጅ አስረከብኳት። እንዲህ የሚጠነቀቅ ሻጭ ከየት ይገኛል?

ቅዳሜ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ካለው ካፌ በረንዳ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ክርክሩ ጦፈ። «ሻጩ በስሙም በመልኩም ይታወቅ!» እያልኩ ጠረጴዛውን ስደበድብ፣ አንድ አዛውንት መምህር ውሻ እየሳቡ ያልፋሉ። ውሻዋ ድምፄን ስትሰማ ገመዱን አስለቅቃቸው መጣችና እግሬ ሥር ተኛች።

መምህሩ ግራ ገባቸው። «ይቅርታ ሓወይ፣ ይቺ እኮ ሰው አትቀርብም። በፌስቡክ ገዝቼ ከጀርመን ነው የመጣችልኝ። አንተን የት ታውቅሃለች?»

ጓደኞቼ ሁሉ ዞረው ያዩኛል።

«አላውቃትም» አልኩ፣ ጆሮዬ እስኪግል አፍሬ። ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ ቀስ ብዬ በጫማዬ ገፋኋት።

እሷ ግን የማጫውታት መስሏት ጅራቷን ቆላች።