የአያ ሞላ ባትሪና ወይራው ሥር የተቀመጡት ሞባይሎች

ሞባይሉን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ፣ ልቡ ላይ አጋድሞ የሚሄድ ሰው ባየሁ ቁጥር አያ ሞላ ትዝ ይሉኛል። እናንተን ምንም ላይመስላችሁ ይችላል። እኔ ግን ሰቆጣ ነው ያደግሁት፤ በእኛ ከተማ አንድ ሰሞን ሞባይል ከጠመንጃ ይልቅ ይፈራ ነበር። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

አያ ሞላ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። ሽማግሌ ስል ዕድሜያቸውን ብቻ ማለቴ አይደለም፤ የተጣላ ያስታርቃሉ። ሲቆጡ በአገሬው ቋንቋ በኽምጣና ነው፣ ሲያባብሉ በአማርኛ። የተጣላው ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ቀጥሎ ይታረቃል። ደግሞ አይዋሹም። «ሞላ ብለዋል» ከተባለ መሐላ የሚጠይቅ አልነበረም። ይህቺን ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

እኒህ ሰው፣ ልክ ሞባይል ሰቆጣ በገባ ሰሞን፣ ራሳቸውን እየሳቱ መውደቅ ጀመሩ። ጠበል ገቡ። ደሴ ተላኩ፣ ከደሴ ደግሞ አዲስ አበባ። እዚያ ሐኪሞቹ ልብዎ መምታት እየረሳ ነው አሏቸውና የምታስታውሰው ትንሽ ማሽን ቀበሩላቸው። በግራ በኩል፣ ከአንገታቸው አጥንት ዝቅ ብሎ፣ ቆዳቸው ሥር። የክብሪት ቀፎ ብታክል ነው። ሲመለሱ ከተማው ስም አወጣላት፤ «የአያ ሞላ ባትሪ»።

ሐኪሞቹ ሲያሰናብቷቸው ሞባይል ደረትዎ ላይ እንዳያስቀምጡ ብለው ነበር። ምክሩ ይኸው ነው። ግን ወሬ ከአዲስ አበባ ሰቆጣ እስኪደርስ ስንት አቀበት አለበት? በየአቀበቱ ይወፍራል። ወልዲያ ላይ «ሞባይል አጠገባቸው ከጮኸ ያማቸዋል» ሆነ። ሰቆጣ ሲገባ «ከጮኸ ይሞታሉ» ሆኖ ገባ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አይደል የሚባለው? ባለሱቁ አያ ሞላ ብቅ ሲሉ ካልኩሌተሩን ስኳሩ ጀርባ ይደብቃል። አንድ መምህር የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ነበር የሚጨብጣቸው። የጎረቤታቸው ሬዲዮማ ጭራሽ ዜና ማውራት ተወ። ሞባይል የያዘ ሰው ከሩቅ ካያቸው መንገድ ያቋርጣል።

ከሁሉ የከፋው ግን ለሽምግልና የሚጠራቸው መጥፋቱ ነው። ጠርተናቸው ነፍስ ልናጠፋ ነው እንዴ ይላል ሰዉ። አያ ሞላ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ ሌሎች ሽማግሌዎች በትራቸውን ይዘው ሲያልፉ ያያሉ። አንጀቴን ይበሉኝ ነበር።

የእህቴ ጉዳይ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ታናሽ እህቴ ትርንጎ ጎረቤት ወረዳ፣ ጋዝጊብላ ነው ያገባችው። ባሏ ደሱ ከአባቷ ቤት ይዛ የሄደችውን በቅሎ ሳያማክራት ሸጠባት። ልጆቿን ይዛ እኛ ቤት ገባችና ፍቺ ነው፣ ሌላ አልሰማም አለች። ይዋደዳሉ እኮ። እሱ በመጣ ቁጥር እሷ ጓዳ ትገባለች፤ ግን በበሩ ስንጥቅ ታየዋለች።

ሽማግሌዎች ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተቀመጡ። መቼም በእኛ አገር ሽምግልና ላይ ብረት አይገባም። ጠመንጃ ያለው ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ያለው ወይራ ግንድ ላይ አስደግፎ፣ ባዶ እጁን መጥቶ ይቀመጣል። ያን ሰሞን ግን ሰዉ ጠመንጃውን አስደግፎ ሞባይሉን ይዞ ይቀመጥ ጀመር። ደሱ «አጥፍቻለሁ» ሊል አፉን ሲከፍት ወልዲያ ካለው ወንድሙ ይደወላል። እንዳትለማመጥ! ትርንጎ እንባዋን መጥረግ ስትጀምር መቀሌ ካለችው አክስታችን ይደወላል። ሞኝ እንዳትሆኚ! የሌሉት ያሉትን ያጣላሉ። ድሮ ቢሆን ክፉ መካሪ ከወልዲያ በእግሩ እስኪደርስ ሰው ታርቆ፣ ጠላውን ጠጥቶ ተበትኗል። ዕርቁ ተጀመረ፣ ፈረሰ፤ ደግሞ ተጀመረ፣ ደግሞ ፈረሰ።

ይህ እንዲህ እንዳለ አያ ሞላ ለምርመራ ተቀጠሩና አዲስ አበባ ይዣቸው ሄድኩ። ስለ ሞባይሉ ሐኪሙን ራሳቸው ጠየቁት። ሐኪሙ ፈገግ አለ። የራሱን ሞባይል አስደወለና ከደረታቸው ስንዝር ያህል አርቆ ያዘው። ሞባይሉ ጮኸ። የልባቸውን ምት የሚያሳየው ስክሪን ግን መስመሩን ሳይስት መሄዱን ቀጠለ። ማሽኗ ላይ አይለጥፉት፣ ሲያወሩም በቀኝ ጆሮዎ ያውሩ አላቸው፤ ከዚያ ውጭ ሌላ ሰው የያዘው ሞባይል ምንም አያደርግዎትም።

ደስ አለኝ። ለከተማው ሁሉ እናገራለሁ፣ እሳቸውም ወደ ሽምግልናቸው ይመለሳሉ አልኩ በሆዴ። አያ ሞላ ግን ዝም። አውቶቡሱ ደሴን አለፈ፣ ዝም። ወልዲያን አለፈ፣ ዝም። ሰቆጣ ልንገባ ስንል ነው ዞር ያሉት።

«ሐኪሙ ያለውን ካንተ በቀር የሰማ አለ?»

የለም አልኳቸው።

«እንግዲያስ ዝም አይነቅዝም። የትርንጎን ነገር ለኔ ተወው» አሉኝ።

የትርንጎን ሽምግልና እኔ እመራዋለሁ ብለው ላኩ። ሰዉ ተጨነቀ። መልእክታቸው ግን በዚህ አላበቃም፤ ሞባይል ያለው ከጠመንጃው ጋር ያስቀምጥ ይላል። ማን እምቢ ይበል? ወይራው ግንድ ላይ ጠመንጃዎቹ ተደገፉ፤ ከጠመንጃዎቹ ሥር ኩታ ተነጠፈና ሞባይሎቹ ተደረደሩ። ከሩቅ ለሚያይ የተማረከ መሣሪያ ይመስላል።

ያን ቀን ወልዲያም መቀሌም አልነበሩም፤ ደሱና ትርንጎ ብቻ። ደሱ በቅሎዋን ሳይነግራት የሸጣት እምቢ እንዳትለው ፈርቶ መሆኑን አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። እንደ ልጅ ነበር የተናገረው። ትርንጎ ቀና ብላ አየችው።

«ብትጠይቀኝ እኮ እሺ እልህ ነበር» አለችው።

እኔም ዓይኔ እንባ ሞላ። ልክ በዚያች ሰዓት ሞባይል ጮኸ። የጮኸው ወይራው ሥር አይደለም፤ የደሱ ሱሪ ኪስ ውስጥ ነው። ለካ ሁለት ሞባይል ነበረው፤ አንዱን አስቀምጦ አንዱን ደብቋል።

ሰዉ ደረቀ። አያ ሞላ ቀስ ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አኖሩ። ደሱ ሞባይሉን አውጥቶ፣ ማጥፋቱ ጠፍቶበት፣ ክዳኑን ገንጥሎ ባትሪውን መዞ ወረወረው። ያኔ ድምፅ ጠፋ።

«ልጆቼ፣ ታረቃችሁ?» አሉ አያ ሞላ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ ሰለል ባለ ድምፅ።

ትርንጎ እያለቀሰች ታርቀናል፣ ይቅር ብዬዋለሁ፣ ብቻ እርስዎ ይትረፉልን አለች። ደሱ እግራቸው ላይ ወደቀ። አያ ሞላም ዓይናቸውን ገለጡ፣ ጠላ ይምጣ አሉ፣ መረቁ። እህቴ በዚያው ሳምንት ልጆቿን ይዛ ጋዝጊብላ ገባች።

ማታ እየሸኘኋቸው አንድ ነገር ከነከነኝ። ደረታቸውን ሲይዙ ዓይኔ አልተነቀለም ነበር።

«አያ፣ እጅዎን ያኖሩት በቀኝ በኩል ነው እኮ። ባትሪዋ በግራ አይደለችም እንዴ?» አልኳቸው።

በትራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

«በግራ ባኖረውማ ውሸት ይሆንብኛል» አሉኝ።